ከሺህ አንድ

አቤሴሎም «በዚህ ዓለም ጀብደኛ ብርቅ ነው» ሲል፣ ጣቢታ ልትወረውረው ያነሳችውን የጨዋታ ዳይስ በመዳፏ ጨብጣ ቀረች። ሆሳዕና ከተማ አንድ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ጓደኛሞች ነበሩ። እሁድ ከሰዓት ይሰበሰቡና አቤሴሎም በምናቡ በፈጠረው ዓለም ውስጥ ይጫወታሉ፤ እሱ ይተርካል፣ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው ጀግና ሆነው ዘንዶ ሊገድሉ ይወጣሉ። «ቤቱን ጥሎ የሚወጣው ከሺህ ሰው አንዱ ነው» አለ፣ የሳለውን ካርታ እየዘረጋ። «የቀረው ተራ ገበሬ ነው። እሱን ስም እንኳ አንሰጠውም።»

የጣቢታ ደም ፈላ። «ስም እንኳ? እኛ ሰፈር፣ ጃጁራ መጥተህ ታውቃለህ? ደቡብ አፍሪካ ብሎ ሰው ያልወጣበት ቤት የለም። በጫካ፣ በጀልባ፣ ኮንቴይነር ውስጥ ታሽጎ! ወንድሞቼ አንድ ሳይቀሩ ሄደዋል። ጀብደኛማ ሞልቷል፤ ብርቁ የቀረው ሰው ነው!»

«ጣቢ፣ ጨዋታ እኮ ነው» አለ አቤሴሎም ደንግጦ።

«እንሰቱን ማን ፋቀ? አባቴን ማን አስታመመ?» ድምጿ ዝቅ አላለም። «የሞተ ቀን አስከሬኑን የሚሸከም ጎረምሳ ጠፍቶ፣ እኔና አክስቶቼ ነን ትከሻችንን የሰጠነው።»

አቤሴሎም ካርታው ላይ አቀረቀረና ቀስ ብሎ «እሺ፣ ጨዋታው ውስጥ ያንቺ ጀግና ምን ታድርግ?» ሲል ጠየቃት።

«የትም አትሄድም» አለች ጣቢታ። «ዘንዶው ከፈለጋት እሱ ይምጣ።»