ከጀርባው የጻፍኩት

ሥዕልም ሆነ አሮጌ ካርታ ስገዛ፣ ፍሬም ሠሪው እንዳያቀያይርብኝ ምን እንዳለበት ከጀርባው በእርሳስ እጽፋለሁ። ዛሬ ባለቤቴ አንዱን ሥዕል አውርዳ አቧራውን ስትጠርግ ሳቀችብኝ።

«‹አራት እህትማማቾች› ብለህ ጽፈሃል። አራተኛዋን ካየሁ ዓይኔን ግንባር ያርገው።»

ቆጠርኩ። ሦስት ናቸው። አንዱ ወንበር ባዶ ነው።

ከጎኑ ያለውን የወንዝ ካርታ ገለበጥኩት። «ሰው የለበትም» ይላል የገዛ እጅ ጽሑፌ። ፊቱን ስመልሰው ግን ወንዙን ተከትሎ እስከ ጠርዙ የሚዘልቅ የእግር ዱካ አየሁበት። ቀጥሎ በተሰቀለው የዕፅዋት ሥዕል ላይ ግንዱ ብቻ ቀርቷል፤ አበባው ተቀጥፏል።

ከእሱ ቀጥሎ ያለው መስታወት ነው። ባለቤቴ ፊት ለፊቱ ቆማ ሻሿን ታስተካክላለች።

«አንተ፣» አለችኝ ሳትዞር፣ «ከኋላዬ አበባ ይዛ የቆመችው ማን ናት?»