ማነው የነካካው?

ኮምፒውተር ጠጋኙ ላፕቶፑን በሁለት ጣቱ ከፈተና ፊቱን አጨማደደ። "ማነው የነካካው?"

"በሰው ልኬ ነው ያሠራሁት፤ የሠራውን ሰው ስልኩን እንጂ መልኩን አላውቅም" አለች ሴትዮዋ። ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ እየጻፈች ነው የምትተዳደረው። "ቫይረስ አይደፍረውም ብሎ ዊንዶውሱን አጥፍቶ ሊኑክስ ጫነበት። ከዚያ ወዲህ አማርኛ አልጽፍ ብሎኝ ባለጉዳዮቼ ሁሉ አጠገቤ ያለው ጸሐፊ ዘንድ ሄዱ።"

ጠጋኙ ሳቀ። "የአማርኛ መጻፊያውን እንኳ ሳያስገባ? ሙያውን የሚያሰድበው እንዲህ ያለው ነው! ሊኑክስን በወሬ ሰምቶ በሰው እንጀራ ላይ ይለማመዳል። አንቺስ ዝም አልሽው?"

"በየቀኑ እደውላለሁ፤ አያነሳም።"

"ወይ ድፍረት! የሰው ዕቃ አበላሽቶ ስልክ አለማንሳት! በይ አሁኑኑ ደውይለትና ለእኔ ስጪኝ። ልክ ልኩን ነው የምነግረው።"

ደወለች።

ጠረጴዛው ላይ የጠጋኙ ስልክ ጮኸ። ቁጥሩን አየት አደረገና ድምፁን አጠፋው።

"ይቅርታ፣ አንዲት ጨቅጫቃ ደንበኛ ናት፤ ሰሞኑን መግቢያ መውጫ አሳጣችኝ" አላት። "እሺ፣ አነሳልሽ?"