ፊቱን አምጣልኝ

እናትዓለም ያን ጠዋት ከዘጌ ዳርቻ ታንኳ ላይ ስትወጣ ተቆጥታ ነበር። ቁጣው የዚያን ቀን ብቻ አይደለም፤ ከእናቷ ጡት ጋር የጠባችው ነው።

አባቷ እሷ ገና በጀርባ ታዝላ ሳለች ጥሏቸው መነነ። ዱርቤቴ ገበያ ደርሼ እመጣለሁ ብሎ እንደወጣ ሐይቁን ተሻገረና አባ ገብረ ክርስቶስ ተባለ። እሱ ጸደቀ፣ ሚስቱ ሸጊቱ ተኮነነች! መርጦ የገባበትም ሴት የማትረግጠው ደሴት ነው። ተከትላ ሄዳ እንኳ እንዳትሰድበው!

አሁን ሸጊቱ ባሕር ዳር አልጋ ላይ ውላለች። እናትዓለም ስለ እናቷ ፊልም ሠርታ ጨርሳለች፤ በአንዲት መስታወቷ በተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ። አንድ ነገር ብቻ ይጎድላል።

"ፊቱን አንድ ጊዜ አሳዪኝ" ብላታለች እናቷ። "ከዚያ ወዲያ ምንም አልልሽ።"

እናትዓለም መግባት አትችልም። ስለዚህ የዘጌውን ዲያቆን፣ ወልደ ሐዋርያትን ለመነችው። ደግ ሰው ነው፤ ስልክ የሚያውቀው ግን ለመደወል ነው። ከገዳሙም ታንኳ ተላከላቸው። ራሳቸውን በፎጣ የጠመጠሙ ሽማግሌ እየቀዘፉ ደሴቱ ዳር አደረሷቸው።

ዲያቆኑ ገና ሳይወርድ ትምህርቱ ተጀመረ።

"ጸሐይ ከኋላው ከሆነች ፊቱ ከሰል ነው የሚሆነው። አንተ ጀርባህን ለጸሐይ ስጥ። ዙም አታድርግ፤ ዙምህ እግርህ ነው፣ ቅረብ። ክንድህን ከጎንህ አጣብቅ። ፊቱ ላይ ጣትህን ጫን አድርገህ ቆይ፣ ብርሃኑ እዚያው ይቆለፋል።"

"እሽ።"

"እሽማ ማን ያጣዋል! አሳየኝ። አባባ፣ እባክዎ ቀና ይበሉልን፤ ለብርሃን መለኪያ ነው።"

ሽማግሌው መቅዘፊያውን ጭናቸው ላይ አጋደሙና ቀና አሉ። ያዩት ግን እሷን ነው።

"ካሜራውን ይዩ እንጂ አባባ!"

"አየሁ ልጄ፣ አየሁ።"

እናትዓለም የተነሣውን ፎቶ ከፍታ አየችውና ዲያቆኑን ትከሻው ላይ መታችው። "ይኸው! ሽበቱ አንድ ባንድ ይቆጠራል። ልክ እንዲህ አድርገህ ፊቱን አምጣልኝ።"

ዲያቆኑ ወጣ። ሽማግሌው ታንኳውን ወደ ደንገሉ ጥላ መለሱት።

"ፊቱ ምን ያደርግልሻል?" አሉ።

"ለእናቴ ነው። እኔማ ባገኘው የምነግረው ሌላ ነው! አባቴ ብየ የጠራሁት ሰው የለም እኮ አባባ። ሰው ልጁን ጥሎ ይጸድቃል? እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ፣ ሽማግሌ ነዎት!"

"አይጸድቅም" አሉ ሽማግሌው።

ዲያቆኑ ላብ በላብ ሆኖ ተመለሰ። ስልኩን ነጠቀችው። በር አለ። መቋሚያ አለ። ባዶ መደብ አለ።

"የሉም" አለ። "ወደ ውኃ ወርደዋል አሉኝ።"

"እና በር አንሥተህልኝ መጣህ? እናቴን ያገባት በሩ ነው?"

"ምን ላድርግ..."

"ውኃ ይውሰደው! ልጅህ መጣች ሲሉት ተሸሸገ እንጂ የምን ውኃ ነው? አበምኔቱ ናቸው የደበቁት። አንተም አብረህ እያላገጥህብኝ ይሆናል!"

"እኔ በወንጌል..."

"አትማል! ሂድ፣ ተመለስ!"

ሄደ፣ ተመለሰ። መልሱ ያው ነው፤ ወደ ውኃ ወርደዋል። በዚያ ላይ ስልኩን ማጥፋት ረስቶ አቀበቱንና ቁልቁለቱን ሁሉ የራሱን እግር ሲቀርጽ ከርሟል። የተሰነጠቀ ጫማ፣ ድንጋይ፣ ጫማ፣ ድንጋይ። በመጨረሻ ስልኩ "ቦታ የለም" ብሎ ቆመ።

እናትዓለም ሐይቁ ውስጥ ልትወረውረው እጇን አነሣች። ከዚያ ትንፋሿን ዋጥ አደረገችና መምረጥ ጀመረች። በሩ ይቆይ፤ ሁለት ትዕይንት ለማገናኘት ይሆናል። መቋሚያውም፣ መደቡም ይቆዩ፤ የእናቷ ድምፅ ሲሰማ ከላይ ይለጠፋሉ። የዲያቆኑን እግር ጠረገች። ለመለኪያ የተነሣውን ጠረገች። ቦታው ዝም ብሎ አይለቅምና ከስልኩ ቆሻሻ መጣያም አራግፋ አወጣችው።

"ምን ጠረግሽ?" አሉ ሽማግሌው።

"የዲያቆኑን እግርና የእርስዎን ፊት። አይቀየሙኝ አባባ፤ ለፊልሙ አይሆኑም።"

"አልቀየምም ልጄ። ደግ አደረግሽ።"

ዲያቆኑ ለመጨረሻ ጊዜ አቀበቱን ተያያዘው። "ፊቱን ሳትይዝ እንዳትመጣ!" ብላ ጮኸችበት። አእዋፉ ከደንገሉ ብር አሉ።

ደወል ተደወለ። አንድ ጎልማሳ መነኩሴ ወርዶ መቅዘፊያውን ከሽማግሌው ተቀበለ። ሽማግሌው ድንጋዩን ተደግፈው ወጡ፤ ፎጣቸውን አስተካከሉ።

"ሸጊቱን እግዚአብሔር ይማራት" አሉ።

"አሜን አባባ" አለች እናትዓለም፣ ዓይኗን ከአቀበቱ ሳትነቅል። የምትሰድበውን እያዘጋጀች ነበር።

ሽማግሌው በዛፎቹ መካከል ገቡ። ዙረው አላዩም።

ዲያቆኑ ግን ብዙም ሳይቆይ እየሮጠ ወረደ። ስልኩን አልከፈተውም።

"አሁንም ባዶህን ነው?" አለች። "ፊቱስ?"

ወልደ ሐዋርያት መጀመሪያ የታንኳውን ኋላ አየ። ከዚያ ጎልማሳውን መነኩሴ አየ። ከዚያ እሷን።

"አበምኔቱ ሳቁብኝ" አለ። "'አባ ገብረ ክርስቶስማ ከማለዳ ጀምሮ እናንተኑ እየቀዘፉ አይደለም እንዴ?' አሉኝ።"