በቀኝ በኩል ያለው ጉብታ

ዓዲላ በግራ መታጠፍ ሲገባት በቀኝ ታጠፈች። ማንም ምንም አላላትም። አስተርጓሚው ሐምዳን ሣጥን ተሸክሞ ተከተላት፤ ከሐምዳን ኋላ ፀሐይ ፊቱን እንደ በርበሬ ያቀላው ፈረንጅ፣ መንደሩ ኸዋጃ የሚለው፣ ከሱም ኋላ ዶማና አካፋ የተሸከሙ ሁለት ሰዎች።

ኸዋጃው የጥንት ሰዎች ያቆሙትን ድንጋይና የቀበሩትን ዕቃ ፍለጋ ነው የመጣው። ወንዶቹ ሁሉ ለግብር የሚሆን ወርቅ ሊያጥቡ ወንዝ ወርደዋል። የመንደሩ ሽማግሌም፣ "ድንጋዩ ያለበትን ጉብታ የብኸይታ እናት ታውቀዋለች፤ እንጨት የምትለቅመው እዚያ ነው" ብለው ዓዲላን ሰጡት። ብኸይታ ራሷ እዚያው ድንጋይ ሥር እንዳለች ግን አልነገሩትም። ባለፈው ክረምት ወንዙ ሞልቶ ወደ መቃብሩ መሻገር ሲያቅት፣ ዓዲላ ልጇን እዚያ ነበር የቀበረቻት።

"የብኸይታ እናት" አለ ሐምዳን እያለከለከ፣ "ይህ ሰውዬ ድንጋይ ለማየት ባሕር አቋርጦ መጣ። አገሩ ድንጋይ አልቆበት ይሆን?"

"እሱን ጠይቀዋ።"

"ጠይቄው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሣጥኑን የምሸከመው እኔ ሆንኩ።" ትንሽ ሄደና፣ "ልጅሽን ለማን ትተሻት መጣሽ?" አላት።

"ተኝታለች።"

ከንጋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ቀርከሃው ቅጠሉን አራግፏል፤ ጥላ የሚባል የለም። እግሯ የሌላ ሰው እግር መስሎ ከበዳት። ይበልጥ ያደከማት ግን ፍርሃቱ ነበር። ባዶ መሬት ታሳየዋለች፤ ይቆፍራል፤ የሚያገኘው ሲያጣ ተናዶ ወደ ሱዳን መንገዱን ይቀጥላል። ያሰበችው ይህንኑ ነው።

ሣር የዋጠው አንድ ዝቅተኛ ጉብታ ላይ ደርሳ ቆመች።

"ይኸው" አለች።

ሰዎቹ መቆፈር ጀመሩ። ብዙም ሳይጠልቁ ዶማው ገል መታ። ኸዋጃው ጮኾ አስቆማቸውና ተንበርክኮ አፈሩን በጣቱ ጠረገ። ከተሰበረ ማሰሮ ውስጥ እንደ ዶሮ አጥንት የቀጠኑ አጥንቶች ብቅ አሉ፤ ከነሱ መሐል አረንጓዴ ዝገት የለበሰ የመዳብ አምባር። ሊያጠልቀው ሞከረ። ከሁለት ጣቶቹ በላይ አላስገባም። ሳቀና አንድ ነገር ተናገረ።

"እጅግ የጥንት ነው ይላል" አለ ሐምዳን። "እነዚህ ሰዎች እነማን ነበሩ ይላል።"

ዓዲላ ዓይኗን ከአምባሩ መንቀል አቃታት።

"እዚህም ሕፃን መኖሯን አላወቅኩም ነበር" አለች።

ሐምዳን ይህን አልተረጎመም። ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። "ሽማግሌው በግራ ነው ብለውኝ ነበር። በቀኝ ስትይ ዝም ያልኩት፣ ሴት የአገሯ መንገድ ዝም ብሎ አይጠፋባትም ብዬ ነው። አሁን ስሚኝ፤ ይቆፍር። እዚህ ከጠገበ ወዲያኛውን ጉብታ አይፈልግም።"

እውነቱን ነው። አፏን ይዛ ብትቆም ብኸይታ ትተርፋለች። ዶማው እንደገና ከፍ አለ።

ዓዲላ ወደ ጉድጓዱ ወረደች። እግሯን ዘርግታ፣ አጥንቶቹን ከጀርባዋ አድርጋ ተቀመጠች። ባለ ዶማው ዶማውን በአየር ላይ እንደያዘ ሐምዳንን አየው።

"ተነሺ እንጂ፣ እህቴ" አለ ሐምዳን።

"ደክሞኛል።"

"ምን ልበለው?"

"ደክሟታል በለው። ጉብታው ሰፊ ነው፤ ሌላውን ይቆፍር። ከዚህች ላይ ግን አልነሳም።"

"ካልጠገበስ?"

ዓዲላ እግሯን ይበልጥ ዘረጋች። ሐምዳን ወደ ኸዋጃው ዞሮ ብዙ ተናገረ፤ እሷ ካለችው ይልቅ እጅግ የበዛ። ኸዋጃው ወደ ፀሐይዋ ቀና አለ፤ ቀጥሎ እሷን አየ። አምባሩን በመሐረብ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና በእጁ ራቅ ያለ ቦታ አመለከተ።

ዶማው እዚያ መምታት ጀመረ። በመታ ቁጥር መሬቱ ከሥሯ ይንቀጠቀጣል። ዓዲላ ዞራ አላየችም። አንድ እጇ ብቻ ከጀርባዋ፣ ቀስ እያለ፣ አፈሩን በእፍኝ በእፍኝ ይመልስ ነበር።