የደጅ እሳት

«ወይኔ ጃጃ ካላንዚ! ወይኔ ደጉ ሰው! ምነው ሳይሰናበቱን!» እያልኩ፣ ወገቤን በጨርቅ ታጥቄ፣ የማቶኬ ሙዝ ዘለላ በራሴ ተሸክሜ በአጥሩ በር እገባለሁ። ሟቹ ብርድ ልብስ ተከናንበው እሳት ዳር ተቀምጠዋል።

«ሙዙን አውርጂው ናንቴዛ» ይሉኛል። «አንገትሽን ያምሻል።»

ከኋላዬ ግማሹ ሰፈር አለ። እሳቱን ከመንገድ አይተን ነው የመጣነው። ምግብ ማድቤት ይበስላል፣ ቆሻሻ እርሻ ዳር ይቃጠላል፤ ደጅ መሃል ግንድ የሚነደው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ሁላችንም «ጃጃ»፣ አያት፣ የምንላቸው ካላንዚ ደግሞ ከታመሙ ሰንብተዋል፤ ሆዳቸው ተነፍቷል፣ እግራቸው ጫማ አያስገባም። ታዲያ ምን እናስብ?

«መብራት ጠፍቶ ነው» ይላል ኪብሪጌ፣ መንገድ ዳር ሞተር ብስክሌት የሚጠግነው። «ስብሰባ ላይ ነን። እሳት እሳት ነው ብዬ አነደድኩት።»

ስብሰባቸውን በከተማችን በሚትያና የማያውቅ የለም። ጃጃ ካላንዚ የሥነ ሕይወት አስተማሪ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ በየወሩ አንድ ቅዳሜ ማምሻውን «የሰብአዊነት ማኅበር» የሚሉትን ይሰበስባሉ፤ እግዜርን ሳይጠሩ ስለ ሰው ይነጋገራሉ። ስለ ወባ፣ ስለ ጥንቆላ፣ ስለ ሴት ልጅ ውርስ። እኔም አንዳንዴ ጎራ እላለሁ። ንግግሩ ይረዝማል፣ ሻዩ ይቀጥናል፣ አራት ሰው ከመጣ ሞላ ይባላል። ዛሬ ግን ደጁ ጢም ብሏል። ሰውዬው በዕድሜያቸው እንዲህ ያለ ጉባኤ አይተው አያውቁም፤ እሱንም ያገኙት በመሞታቸው ነው።

«እግዜር ያጥናችሁ!» ትላለች ዘግይታ የደረሰች አንዷ፣ ፊቷን በመዳፏ ሸፍና። የማኅበሩ ሰዎች ምን ብለው እንደሚመልሱ ግራ ይገባቸዋል።

«አሜን» ይሏታል ጃጃ ካላንዚ ራሳቸው። ሁላችንም እንስቃለን።

ሳቁ የሚቆመው ታላቅ ወንድማቸው ሴሩንጆጊ ሲገቡ ነው። ብብታቸው ውስጥ ለመገነዣ የሚሆን ከዛፍ ልጥ የተቀጠቀጠ ልብስ ይዘዋል። የሰፈራችን ጸሎት መሪ መጽሐፉን ታቅፎ ይከተላቸዋል። ወንድማቸውን ከነሕይወታቸው ያያሉ፤ መገነዣውን ግን አያስቀምጡም።

«ሞቷል ብለውኝ ነው የመጣሁት።»

«ይቅርታ፣ ትንሽ ዘገየሁ» ይላሉ ጃጃ ካላንዚ። ከዚያ ፈገግታው ከፊታቸው ይጠፋል። «ከመጣህ አይቀር ስማ። የዛሬው ንግግራችን ስለ ቀብሬ ነው። ጸሎት አልፈልግም። ኪብሪጌ ይነሳና ምን እንዳስተማርኩ፣ የት የት እንደተሳሳትኩ ይናገራል። ከዚያ አፈር ትመልሱብኛላችሁ። ጸሎት የሚጀምር ካለ አስቆመዋለሁ ብሎ አሁን ቃል ገብቶልኛል።»

ሴሩንጆጊ ኪብሪጌን ከእግር እስከ ራሱ ያዩታል። «ይሄ ነው እኔን፣ የጎሳውን ሽማግሌ፣ መቃብር አፋፍ ላይ የሚያስቆመኝ?»

«እኔ ነኝ፣ ጃጃ» ይላል ኪብሪጌ። ሲናገር ድምፁ አይርገበገብም።

«ደግ። እንግዲያው እሳቱን አጥፋ።»

«ለመብራት ያነደድኩት ነው፣ ጃጃ። እሳት እሳት ነው» ይላል ኪብሪጌ።

«እሳት እሳት ነው አላልክም? የሞተ ሰው የለ! ውሃ ቸልስበት። ካጠፋኸው፣ ይኸው በዚህ ሁሉ ሰው ፊት እምላለሁ፤ ወንድሜ እንዳለው ይቀበራል። እኔ እቤቴ ቁጭ ብዬ እጸልይለታለሁ።»

ጸሎት መሪው እንኳ አፉን ከፍቶ ይቀራል። የለቅሶ እሳት ሥርዓቱ ሳይደርስ አይጠፋም። ያጠፋውን ሰው ሞት እቤቱ ድረስ ይከተለዋል ሲባል ነው ያደግነው፤ የተማረውም ያልተማረውም።

ጃጃ ካላንዚ ብርድ ልብሱን ጥለው ሊነሱ ይታገላሉ። ሴሩንጆጊ ትከሻቸውን ይዘው ቀስ አድርገው ያስቀምጧቸዋል።

«አንተ አይደለህም» ይሏቸዋል፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። «በቀብርህ ቀን አንተ አትነሳም።» እጃቸውን ከትከሻቸው ላይ አያነሱም።

ኪብሪጌ ቢጫውን ጄሪካን ከግድግዳው ሥር ያነሳል። ክዳኑን ይፈታል። ወደ እሳቱ ይጠጋል። ሚስቱ በቅርቡ ነው ሴት ልጅ የተገላገለችው፤ ዛሬ ጠዋት የሕፃኗን ጨርቆች አጥሩ ላይ ስታሰጣ አይቻታለሁ። ጄሪካኑን ያዘነብላል። ጠብታ ፍሙ ላይ ወድቃ ትስ ስትል ሴቶቹ በሙሉ ወደ ኋላ እንላለን።

ክንዱ እዚያው ላይ ይቆማል።

ጃጃ ካላንዚ ዓይናቸውን ከእሱ ያነሱና እኛን በየተራ ማየት ይጀምራሉ፤ ወባን በአጎበር እንድንከላከል ያስተማሩንን፣ ልጆቻችንን ትምህርት ቤት ያስተማሩልንን። ዓይናቸው እኔ ዘንድ ሲደርስ ጎንበስ ብዬ የሙዙን ዘለላ አስተካክላለሁ። ምንም ያልተስተካከለ ነገር የለውም።

ቀና ስል ኪብሪጌ ክዳኑን መልሶ እያጠበቀ ነው።

«የሻይ ውሃ ነው፣ ጃጃ» ይላል መሬት መሬቱን እያየ። «እንዳይባክን ብዬ ነው።»

ጃጃ ካላንዚ ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ይስቡታል። እሳቱ ሌላ ግንድ ይዟል፤ ሙቀቱ ሁላችንም ዘንድ ይደርሳል።

«ልክ ነህ፣ ልጄ» ይሉታል። «ለቀብሬ ቀን ግን ሌላ ሰበብ ፈልግ።»