ቅጠል የምትበላው

የቤት እንስሳት ሻጩ ነጭ አይጥ በጅራቷ አንጠልጥሎ ወደ እባቡ ሳጥን ሲጠጋ፣ ልጅቷ ፊቷን እናቷ ቀሚስ ውስጥ ቀበረች። "ሕይወት ያለው ነገር የሚበላ አልፈልግም፣ እማዬ!" ውሻና ድመት እንዳይሆን ሳንባዋ ፀጉር አይችልም፤ ሐኪሙ ከልክሏታል። እንሽላሊቱም ቢሆን ያለ ፌንጣ አይሆንለትም ተባለ። በመጨረሻ ሻጩ አንዲት ትንሽ ኤሊ አምጥቶ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት።

"ይቺ ቅጠል ብቻ ነው የምትበላው" አላት። ልጅቷ እያለከለከች የሰላጣ ቅጠል ዘረጋችላት። ኤሊዋ አንገቷን ቀስ ብላ አውጥታ ስትገምጥ፣ ልጅቷ ከስንት ጊዜ በኋላ ጥርሷ ታየ። የእናትየው አንጀት ቅቤ ጠጣ።

"ግን አስቢበት፣ እህቴ" አለ ሻጩ፣ "ኤሊ ዕድሜዋ ረጅም ነው። ልጅሽ አድጋ፣ አግብታ፣ ወልዳም አብራት ትኖራለች።"

እናትየው በሽታው እንደማይድን ለልጇ ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

"እሷን እንውሰዳት" አለች ልጅቷ፣ የኤሊዋን ጀርባ በጣቷ እየዳበሰች። "አንቺንም አታስቸግርሽም፣ ቅጠል መቁረጥ ብቻ ነው። በኋላ ብቻሽን አትሆኚም።"

እናትየው ቦርሳዋን ከፈተች።