የሰባት ቁጥር አጋዘን ምሳ

ለወዳጅ ዘመድ ሁሉ ይታወቅ ዘንድ፦ ሰባት ቁጥር አጋዘን ዛሬም በጠራራ ፀሐይ፣ በፈረንጅ አገር ዊተን በሚባል ከተማ በሚገኘው በጋሽ ገብረየስ ጓሮ ተገኝታ፣ አተላዋን ጭልጥ አድርጋ አፏን ልሳለች።

ፋኑኤል በአጥሩ ወዲያ ማዶ፣ ከጫካው በኩል ቆሞ ያያታል። አንገቷ ላይ ያለውን ጥቁር ኮላር ያሰረላት ራሱ ነው። ኮላሩ የምትውልበትን ቦታ በሳተላይት ይልካል፣ እሱ ኮምፒውተር ላይ ነጥብ በነጥብ ይለቅማል። ነጥቦቹ ከጓሮው ጀርባ፣ ሸለቆው ውስጥ ባለው ጅረት ዳር ተከምረው ሲያገኛቸው፣ «አጋዘኖቹ በረዶውን ያለፉት ይህን ሸለቆ መርጠው ነው» ብሎ ጻፈ። ጥናቱን የምትመራው ፕሮፌሰር ወደደችው። ያለቻትን አንዲት የዶክትሬት ቦታ ልትሰጠው ነው፤ ነገ ኮሚቴው ፊት ይቀርባል። ዛሬ የመጣው የሸለቆውን ፎቶ ሊያነሳ ነበር።

ኮላሩ ጥቂት ሜትር ይስታል። ያቺን ጥቂት ሜትር ፋኑኤል ወደ ጅረቱ ቆጥሯት ኖሯል። ወደዚህ ቤት በየወሩ ለማኅበር ይመጣል፤ ግን የሚገባው በፊት ለፊት በር ነው፣ ሲወጣም ሞቅ ብሎት ነው። ጓሮውን አይቶት አያውቅም።

«ጋሽ ገብረየስ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

ሽማግሌው ባዶውን ባልዲ እንዳንጠለጠሉ ዞር ይላሉ። ከማኅበርተኛው ጓሮ ያለው ቤት የተከራዩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሌላው በአፓርትመንት ስለሚኖር የሁሉም ጠላ እዚህ ይጠመቃል።

«ኧረ ዶክተር! በጫካ በኩል ነው እንዴ የምትመጣው?»

«ዶክተር አይበሉኝ።»

«ማኅበር ላይ ቄሱ ‹ዶክተር ያድርግህ› ብለው መርቀውሃል እኮ። አለቀ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያበሏት?»

«በረዶው ከወረደ። እሷንም እነዚያንም።» በአገጫቸው ወደ ዛፎቹ ያመለክታሉ። ከቁጥቋጦው ጀርባ ሌሎች ጆሮዎች ይርገበገባሉ። እነሱም ኮላር አላቸው። እነሱም የፋኑኤል ናቸው።

«እኔ የማጠናው የዱር እንስሳ ነው» ይላል፣ ጥርሱን ነክሶ። «የዱር! በረዶውን በራሱ የሚያልፈውንና የማያልፈውን። እርስዎ ከብት አድርገው ቀለቧቸው።»

«እና አተላውን የት ልድፋው? እቃ ማጠቢያው ሲንክ ውስጥ?»

«የቆሻሻ ትራሽ የለም?»

«እህል ትራሽ ውስጥ አልጥልም።» ባልዲውን አጥሩ ሥር መሬት ላይ ዱብ ያደርጉታል። «ደሞ አንተ ብሎ ተቆጪ። ባለፈው ማኅበር ማን ነበር ‹ይደገም› ሲል ያመሸው? አተላው የት የሚገባ መስሎህ ነው?»

ያመሸው ራሱ ፋኑኤል ነው። ይበልጥ የሚያንገበግበውም ይኸው ነው።

ሚስታቸው እትዬ ውብነሽ በኩሽናው በር ብቅ ይላሉ። «ቀስ በሉ እንጂ፣ ጎረቤት ይሰማል። የቤቱ ባለቤት ጌሾው ሸተተኝ ብሎ አንዴ አስጠንቅቆናል። አጋዘን እንደምንቀልብ ከሰማ ውጡ ነው የሚለን። አንተ ሰውዬ፣ ስንቴ ነገርኩህ?»

የፋኑኤል ስልክ ይጮኻል። ፕሮፌሰሯ ናት።

«ስላይዶችህን አየሁ» ትላለች በእንግሊዝኛዋ። «ሸለቆው ድንቅ ነው። ኮሚቴውን የሚያሸንፈው እሱ ነው።»

ፋኑኤል ሰባት ቁጥርን ያያታል። አተላው ከአገጯ እየተንጠባጠበ እሷም ታየዋለች፣ ጎኗ ሞልቶ፣ ያለ አንዳች እፍረት። ዝም ቢል ነገ ቦታው የእሱ ነው። እውነቱን ቢናገር አጋዘን የሚቀለብበት ቤት ከነአድራሻው ሪፖርት ላይ ይሰፍራል፤ ለቤቱ ባለቤትም ይነገረዋል። ይህን ደንብ ለአዲስ ረዳቶች የሚያስተምረው ራሱ ነው።

«የሸለቆው ክፍል ይውጣ» ይላታል። «ስህተት ነው።»

«የምን ስህተት?»

«መሠረቱ ነው የተሳሳተው።»

«ምን አገኘህ? ፋኑኤል፣ ያለ ምክንያት እኮ ኮሚቴው ፊት ልሟገትልህ አልችልም። ሌላ አመልካች አለ።»

«አውቃለሁ። ምክንያቱን አልናገርም።»

ይዘጋዋል። በአጥሩ ላይ ተንጠራርቶ ባልዲውን ይይዝና ወደ ጫካው ይወረውረዋል። ባልዲው ከግንድ ጋር ተላትሞ ይንከባለላል። አጋዘኖቹ ይበረግጋሉ። ሰባት ቁጥር ብቻ ዘና ብላ አጥሩን ትዘልና አንገቷን እስከ ኮላሩ ድረስ ባልዲው ውስጥ ትከታለች።

ጋሽ ገብረየስ እንግሊዝኛው አልገባቸውም። አንዴ ስልኩን፣ አንዴ ፊቱን ያያሉ።

«ልጄ፣ ምን አሉህ? ቦታውን ሰጡህ?»

«አልነግርዎትም።»